አዲሱ የጓሮ ትራክተር ወይስ ያገለገለው ዜሮ ተርን? ከጅማ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ሦስት ጓደኛሞች ነን። ጅማ ውስጥ ተደራጅተን ሣር የማጨድና ግቢ የማስዋብ ሥራ ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆነን። እስካሁን የሠራነው በትከሻ በሚንጠለጠሉ አራት ማሽኖችና በአንድ የሚገፋ ማሽን ነው። ዘንድሮ ትልቅ ውል አገኘን። አንድ የትምህርት ተቋም፣ ሁለት የስፖርት ሜዳና ጥቂት የሆቴል ግቢዎች ናቸው። ሲደመር 11 ሄክታር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 8 ሄክታሩ ገላጣ ሜዳ ነው። ተቀምጠው የሚነዱት ማሽን ለመግዛት አዲስ አበባ ሄደን ሁለት አየን። አንዱ አዲስ ነው፤ ትንሽ ትራክተር ይመስላል፣ የማጨድ ስፋቱ 42 ኢንች፣ 22 የፈረስ ጉልበት። ሌላው ያገለገለ ዜሮ ተርን ነው፤ በመሪ ፋንታ በሁለት ማንሻ የሚነዳ፣ ባለበት ቦታ የሚዞር ማጨጃ፤ 52 ኢንች፣ 25 የፈረስ ጉልበት፣ ቆጣሪው 1,400 ሰዓት ይላል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ቤተሰብ ‹አዲሱን ግዙ፤ ያገለገለ ማሽን የሰው በሽታ መግዛት ነው› ይለናል። እርስዎ ምን ይመክሩናል?»

ወንድሞቼ፣ እንኳን ለዚህ ውል አበቃችሁ። በትከሻ ማሽን ሦስት ዓመት ሠርቶ እዚህ መድረስ ቀላል አይደለም። ያ ማሽን ክረምቱን ሙሉ ትከሻ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሲውል ማታ እጅ እንዴት እንደሚደነዝዝ አውቀዋለሁ።

መልሱን ላስቀድም። ዜሮ ተርኑ ከታች የምነግራችሁን ፈተና ካለፈ እሱን ግዙ። ካላለፈ ሁለቱንም ትታችሁ ወደ ጅማ ተመለሱ። አዲሱን የጓሮ ትራክተር ግን ለዚህ ሥራ አትግዙት። ቤተሰባችሁ የሚመክራችሁ ከቅን ልብ ነው። በዚህ ሥራ ግን ቀድሞ የሚያረጀው አዲሱ ነው።

ሣር ማጨጃና ትንንሽ የእርሻ ሞተሮችን ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «በዓመት ስንት ሰዓት ታሠሩታላችሁ?» እላለሁ። የሣር ማጨጃ ዕድሜ የሚለካው በዓመት አይደለም፤ በሰዓት ነው። እናንተም ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ለሥራ ሰዓት ነው።

የጓሮ ትራክተር የተሠራው ለአንድ ቤተሰብ ነው። ባለቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ያጭድበታል። በዓመት 40 ወይም 50 ሰዓት ቢሆን ነው። እንደዚያ ከሆነ አሥር ዓመት ይቆያል፤ ባለቤቱም «ጥሩ ማሽን ነው» ይላል። ሰዓቱን ስትደምሩት ግን 400 ወይም 500 ነው። ለንግድ ሥራ ተብሎ የተሠራ ዜሮ ተርን በደንብ ከተያዘ 2,000 ሰዓት ያልፋል። 3,000 የደረሱም አሉ።

አሁን የእናንተን ሥራ እናስላ። እርሳስ ያዙ፤ ስሌቱ ለሚቀጥለው ውላችሁም ይጠቅማችኋል። የማሽኑን የማጨድ ስፋት በሜትር ውሰዱ። መስመር ከመስመር ስለሚደራረብ ከዚያ ላይ አሥር በመቶ ያህል ቀንሱ። በሰዓት በሚሄደው ኪሎ ሜትር አባዙት። መዞሪያው፣ ቆሞ ድንጋይ ማንሳቱና ነዳጅ መሙላቱ ጊዜ ይበላል፤ ስለዚህ በ0.75 አባዙት። መጨረሻ ላይ ለ10 አካፍሉት። የምታገኙት በሰዓት ስንት ሄክታር እንደሚያጭድ ነው።

52 ኢንች ማለት 132 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መደራረቡ ሲቀነስ 1.2 ሜትር ያህል ይቀራል። የጅማ ሣር ክረምት ላይ እርጥብና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ፍጥነቱን በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ላይ እንያዘው። ውጤቱ 0.54 ሄክታር ነው። 8 ሄክታሩን አንድ ዙር ለመጨረስ 15 ሰዓት ይፈጃል። የ42 ኢንቹ ትራክተር ስፋቱ 107 ሴንቲ ሜትር ነው። ሲደራረብ 97 ይቀራል። በእርጥብ ሣር ላይ በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ብትነዱት አጨዳው ይበላሻል። እሱ 0.36 ሄክታር ይሆናል። አንድ ዙር 22 ሰዓት ማለት ነው።

ጅማ ዝናቡ ረጅም ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በየአሥር ቀኑ ካጨዳችሁ በዓመት 24 ዙር ገደማ ይመጣል። ዜሮ ተርኑ 360 ሰዓት ይሠራል። ትራክተሩ 528 ሰዓት። አያችሁ? ደካማው ማሽን ቀርፋፋ ስለሆነ ያንኑ ሜዳ ለማጨድ ብዙ ሰዓት ይሠራል። ዕድሜው 400 ወይም 500 ሰዓት ሆኖ 528 ሰዓት ስትጠይቁት ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጨርስ ያልቃል። ዜሮ ተርኑ የተነገረው 1,400 ሰዓት እውነት ከሆነ 600 ሰዓት ቢቀረው እንኳ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ያደርሳችኋል። ጤነኛ ከሆነና በደንብ ከያዛችሁት ሦስትና አራት ዓመት ሊሄድ ይችላል። እስከዚያ ውሉ ለቀጣዩ ማሽን ገንዘብ ይሰጣችኋል።

ፍጥነቱ የሚያስፈልገው በሌላ ምክንያትም ነው። ጅማን ታውቋታላችሁ። ጠዋት ጤዛና ጉም ነው። ሣሩ እስኪጠነፍፍ አራት ሰዓት ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በቀን በእጃችሁ ያለው ጊዜ አራት ወይም አምስት ሰዓት ነው። 15 ሰዓት ሲካፈል ሦስት ወይም አራት ቀን ይሆናል፤ ለዝናብ ቀን መጠባበቂያ ይተርፋችኋል። 22 ሰዓት ግን አምስትና ስድስት ቀን ነው። ሁለት ቀን በተከታታይ ከዘነበ ዙሩ ከዙሩ ይጋጫል፤ ሣሩም ይቀድማችኋል።

ስለ ፈረስ ጉልበቱ አንድ ነገር እወቁ። ፋብሪካው 22 ወይም 25 የሚለው ሞተሩ በባሕር ጠለል ላይ የሚሰጠውን ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩ ሦስት ተኩል በመቶ ያህል ጉልበት ይጠፋል። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 20 በመቶ ያህል ሄደ ማለት ነው። 25ቱ 20 ሆነ፤ 22ቱ ከ18 በታች ሆነ። እርጥብ ኪኩዩ ሣር ውስጥ ሲገባ ይህ ልዩነት ይታወቃችኋል። በተጨማሪ ካርቡሬተር ያላቸው ሞተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ ሲሠሩ ቤንዚን ይበዛባቸዋል። ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ ነዳጅ መብላት ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። መፍትሔው ለከፍታ ቦታ የሚሆን ጂግለር፣ ማለትም ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ዕቃ፣ መቀየር ነው። በጣም ትንሽ ዕቃ ናት። ሻጩን «ለዚህ ሞተር የከፍታ ጂግለር አለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄው ራሱ ካልገባው ማሽኑን ከሸጠላችሁ በኋላ ብዙም አይጠቅማችሁም።

የሞተሩንም ስም እዩ። የሞተር ፋብሪካዎች ለጓሮና ለንግድ የሚሠሩት በተለያየ ደረጃ ነው። ካዋሳኪ ለምሳሌ ኤፍአር የሚለው ለቀላል ሥራ ነው፤ ኤፍኤክስ የሚለው ለከባድ። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ለንግድ የሚሠራው ቫንጋርድ የሚል ስም አለው። የኮህለር ኮማንድ ፕሮም ጠንካራ ነው። በማሽኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የሌላ ፋብሪካ ስም ሊሆን ይችላል። እናንተ ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ሰሌዳ አንብቡ።

ከሞተሩ ይልቅ ግን እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከኋላ ጎማዎቹ አጠገብ ያለው ሃይድሮስታቲክ ነው። እነዚህ ማሽኖች እንደ መኪና ማርሽ አይቀይሩም። ዘይት በፖምፓ ተገፍቶ ጎማውን ያዞረዋል። በጓሮ ትራክተር ላይ ያለው ሃይድሮስታቲክ ብዙ ጊዜ የታሸገ ነው። ፊልትሮ የለውም፤ ዘይቱ እንዲቀየርም ታስቦ አልተሠራም። ሲያልቅ ሙሉውን አውጥቶ ሌላ መግጠም ነው። ዋጋው ያስደነግጣል። የጠንካራ ዜሮ ተርን ሃይድሮስታቲክ ከውጭ የሚፈታ ፊልትሮ አለው። ሃይድሮ ጊር የሚባለው በብዙ ማሽኖች ላይ የምታገኙት ሥሪት የሚወስደው 20-50 የሞተር ዘይት ነው። ያ ዘይት ደግሞ ጅማ ውስጥ የትም ይገኛል። በአዲስነቱ ከ75 እስከ 100 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቀየራል፤ ከዚያ በየ400 ሰዓቱ። ስለዚህ ለሻጩ የምታቀርቡት ጥያቄ «ሃይድሮስታቲኩ ዘይቱ መቼ ተቀየረ?» የሚል ይሁን። 1,400 ሰዓት የሠራ ማሽን ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ መቀየር ነበረበት።

ስለቶቹን የሚሸፍነው ዴክ ቀጥሎ ይመጣል። የጓሮ ማሽን ዴክ ከአንድ ላሜራ በፕሬስ ተጨፍልቆ የወጣ ነው። ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የንግዱ ተቆርጦ የተበየደ ወፍራም ላሜራ ነው። በሽያጭ ወረቀት ላይ 10 ጌጅ ካለ 3.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ 7 ጌጅ ካለ 4.6 ሚሊ ሜትር። ቁጥሩ ሲያንስ ላሜራው ይወፍራል። እርጥብ ሣር ከሥር ተጣብቆ ሲያድር ላሜራውን ይበላዋል። ጅማ ላይ ማሽኑ ስድስት ወር እርጥብ ነው። ስለዚህ ይህ ውፍረት ለእናንተ ከአዲስ አበባ ሰው የበለጠ ያስፈልጋችኋል።

እንግዲህ ወደ ፈተናው። ይህን ስትሠሩ አትቸኩሉ፤ አንድ ሙሉ ግማሽ ቀን ያዙለት።

ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩ እንዳይነሳ ለሻጩ ንገሩት። ስትደርሱ ሞተሩን በእጅ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ፣ ሻጩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ የሚታይ ችግር እየደበቀ ሊሆን ይችላል። ቡና ጠጥታችሁ እስኪበርድ ጠብቁ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ እየጨመረ ከሄደ ዘይት ይበላል። ከዚያ ንዱት። አምስት ደቂቃ አይደለም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ስለቱም እየዞረ። ያረጀ ሃይድሮስታቲክ ሲቀዘቅዝ እንደ ጤነኛ ይሮጣል። ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። በደንብ ከሞቀ በኋላ ለስላሳ ዳገት ፈልጉ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ውጡበት። አንዱ ጎን ከዘገየ፣ ሁለቱን ማንሻ እኩል ገፍታችሁ ወደ አንድ ወገን ከጎተተ፣ የሚያፏጭ ድምፅ ካሰማ፣ እዚያው አቁሙ። ቅናሽ ቢያቀርቡላችሁም አትቀበሉ። የሃይድሮስታቲኩን ዘይት ማጠራቀሚያ ክፈቱና እዩ። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ሞቆ ኖሯል።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ የካንዴላውን ሽቦ አውጡ። እባካችሁ ይህን አትዝለሉ፤ ስለት ላይ እጅ የሚገባው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ የስለቱን ጫፍ ያዙና ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተንገጫገጨ የስፒንድሉ፣ ማለትም ስለቱ የሚዞርበት ዘንግ፣ ኩሽኔታ አልቋል። በእጅ ስታዞሩት የአሸዋ ድምፅ ካለውም እንደዚያው ነው። የኩሽኔታ ማለቅ ግን ግዢውን የሚያስቀር አይደለም፤ ዋጋ የምታስቀንሱበት ነው። ብዙዎቹ 6204፣ 6205 የመሳሰለ የተለመደ ቁጥር ያላቸው ኩሽኔታዎች ናቸው። ቁጥሩን ጽፋችሁ መርካቶ ብትሄዱ ታገኙታላችሁ። የስፒንድሉ ቤት የተቀመጠበት ላሜራ ከተሰነጠቀና ደጋግሞ ከተበየደ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የደረቀውን ሣር በመፋቂያ አንሱና ዙሪያውን በስልካችሁ መብራት እዩት።

ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ። እኔ አንድ ጊዜ ተታልያለሁ። 600 ሰዓት የሚል ማሽን አይቼ፣ ቀለሙም አምሮ፣ ለደንበኛዬ «ውሰደው» አልኩት። በሦስተኛው ወር ሃይድሮስታቲኩ ቆመ። ስፈታው የቆጣሪው ሽቦ ተነቅሎ ተመልሶ የተሰካ መሆኑን አየሁ። ያ ሰው የቤቱን ገንዘብ ነበር ያወጣው። ዛሬም ሳገኘው አፍራለሁ። ከዚያ ወዲህ የምመለከተው የማንሻውን ጎማ፣ የወንበሩን ጠርዝ፣ እግር የሚያርፍበትን ቦታና የፊት ትንንሽ ጎማዎች ቡሽ ነው። ማንሻው ጎማው አልቆ ብረት ከታየ 600 ሰዓት አይደለም። የእናንተም 1,400 ላይ እንዲሁ አድርጉ።

አሁን ስለ ቁልቁለት። ይህን ለሦስታችሁም ደግሜ ደጋግሜ ልናገረው እፈልጋለሁ። ዜሮ ተርን የፊት ጎማዎቹ እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ በነፃ ይዞራሉ። መሪም ፍሬንም የሚሆኑት ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ናቸው። እርጥብ ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማው ከተንሸራተተ መሪውም ፍሬኑም አብረው ይጠፋሉ። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች የሚፈቅዱት እስከ 15 ዲግሪ ነው። በቀላሉ ለመለካት አንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨትና የግንበኛ ውኃ ልክ ያዙ። የእንጨቱ አንድ ጫፍ መሬት ነክቶ ውኃ ልኩ ሲስተካከል ሌላው ጫፍ ከመሬት ከ27 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ካለ ማሽኑ እዚያ አይገባም። እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያነሰው አይገባም። ጅማ ውስጥ ወደ ጅሬን የሚወጣው ሰፈር ተዳፋት ነው። አዌቱ ዳር ያሉ ግቢዎች ደግሞ ጠርዛቸው በድንገት ይቆረጣል። ከወንዝ አፋፍ፣ ከቦይና ከግንብ ጫፍ የማሽኑን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ራቁ። የቀረውን በትከሻ ማሽን ጨርሱት፤ አራቱን አትሽጧቸው።

ከወንበሩ ኋላ የቆመችው የብረት ቅስት ሲገለበጥ ሹፌሩን የምታድን ናት። ቆማ ከሆነ ቀበቶ ይታሰር። ዛፍ ሥር ለመግባት ወደ ኋላ ካስተኛችኋት ቀበቶው ይፈታ፤ ታስራችሁ ብትገለበጡ ማሽኑ ሥር ትቀራላችሁ። ሻጩ ቅስቷን «ጠፍታለች» ካላችሁ እንደ ትልቅ ጉድለት ቁጠሩት።

የስለት ጫፍ በሰከንድ 90 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ትምህርት ተቋም ግቢ ውስጥ ደግሞ ጠጠር፣ የውኃ ላስቲክ፣ የሽቦ ቁራጭ አይጠፋም። ሣሩ የሚወጣበት ላይ ያለውን የላስቲክ ወይም የብረት ክዳን ብዙ ሰው «ይዘጋብኛል» ብሎ ያነሳዋል። አታንሱት። ልጆች ባሉበት ሰዓት አታጭዱ። ውሉ ላይም ይህ ይጻፍ፤ የክፍል መውጫ ሰዓት ሲደርስ ማሽኑ ይቆማል ብላችሁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ዜሮ ተርን አጭር ሣርን አጭር አድርጎ ለማቆየት ነው የተሠራው። ጉልበት የሚደርስ ሣር ለመጣል አይደለም። ሰርዶም ሆነ ኪኩዩ 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ወደ 6 ወይም 7 ማውረድ ጥሩ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አይቆረጥም። ዝናብ አዘግይቷችሁ 20 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ዴኩን ከፍ አድርጋችሁ አንዴ እለፉ። በማግስቱ ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት። ከደንበኞቻችሁ መካከል ሣሩን አሳድጎ ለከብት መኖ የሚሸጥ ካለ ለእሱ ይህ ማሽን አይሆንም፤ ሣሩን አድቅቆ ይበትነዋል። እዚያ ማጭድ ያለው ሰው ይሻላል። የደቀቀውንም ሣር ላም ያለው ጎረቤት ቢጠይቃችሁ በዚያው ቀን በትኩሱ ይውሰድ። ተከምሮ ካደረ ይግላል፣ ይሻግታል፣ ከብት ያሳምማል።

ሣሩን በጎን የሚተፋ ዴክ ይሁን። የሚያደቅቀውና በከረጢት የሚሰበስበው ዓይነት ለደረቅ አገር ነው። በእኛ ክረምት ይደፈናል።

የነዳጁን ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ጨርሱ። እንዲህ ያለ ማሽን በሰዓት ከ4 እስከ 6 ሊትር ቤንዚን ይጠጣል። በ15 ሰዓት 75 ሊትር ያህል፤ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው። ማሽኑ ታርጋ የለውም፤ ማደያ ሄዶ አይሰለፍም። በጀሪካን መቅዳት ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው። ውላችሁንና የንግድ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁ። ከመንገድ ዳር የሚሸጠውን ቤንዚን አደራ አትንኩት። ውኃና ሌላ ነገር ይቀላቀልበታል፤ ካርቡሬተሩን ስትፈቱ ልትውሉ ነው። በባትሪ የሚሠሩ ለንግድ የሚሆኑ ማሽኖች በዓለም ላይ አሉ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። መብራቱ አስተማማኝ እስኪሆንና ባትሪው ሲደክም የሚጠግን ሰው ጅማ እስኪኖር ግን ለእናንተ የመጀመሪያ ማሽን አልመክረውም።

ቺንጋ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የዴኩ ቺንጋ ሲበጠስ ወፍጮ ቤት ሄዶ በልኩ የሚገኝ ቺንጋ ማምጣት ይቀላል። ልኩ ይገጥማል፤ ጥንካሬው ግን አንድ አይደለም። የሣር ማጨጃ ቺንጋ ወደ ኋላም ስለሚታጠፍና በድንገት ስለሚጎተት ውስጡ ኬቭላር የመሰለ ክር አለው። የወፍጮው ይለጠጣል፣ ይቃጠላል። ሁለት ቀን ሳይቆይ የተበጠሰ አይቻለሁ። ስለዚህ አዲስ አበባ ሳላችሁ ሁለት የዴክ ቺንጋ፣ አንድ የመንጃ ቺንጋ፣ ሁለት ሙሉ የስለት ስብስብና የአየር፣ የዘይት፣ የነዳጅ ፊልትሮዎች ገዝታችሁ ተመለሱ። ከ350 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ቺንጋ እስኪመጣ ሦስት ቀን ሥራ መቆም ከቺንጋው ዋጋ በላይ ነው። ከበጀታችሁ አንድ አምስተኛውን ለዚህ ያዙ። ዋጋውን በብር የማልጽፍላችሁ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለሳምንት ስለማይሆን ነው። የመለዋወጫውን ዋጋ ግን ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ሻጩ የስለት፣ የቺንጋና የስፒንድል ዋጋ ወዲያው መናገር ከቻለ ጥሩ ምልክት ነው።

ስለ መጫኑም ላንሳ። ማሽኑ ከ400 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን አይሱዙ ላይ ሲጫን በወንዶች ትከሻ አይሞከር። ሰፊ መወጣጫ ላይ በኋላው እያፈገፈጋችሁ ውጡ፤ ስትወርዱ ፊቱን አስቀድሙ። ሲታሰር ዴኩን ሳይሆን ዋናውን ፍሬም እሰሩ። ጅማ ውስጥም ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው በአስፋልት አትንዱት። ሃይድሮስታቲኩን ያግለዋል፣ ጎማውንም ይጨርሰዋል፤ ለመንገድም አልተፈቀደም።

ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ አጠገቡ ቁሙ። እንደ መኪና 35 እና 40 ፒኤስአይ አየር ይሞላዋል። የኋላ ጎማው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ከ12 እስከ 15 ብቻ ነው። ሲጠነክር በእርጥብ ቀይ አፈር ላይ ቦይ ያወጣል፤ የስፖርት ሜዳው ባለቤት ደግሞ ያንን አይወድም። ትክክለኛው ልክ ጎማው ጎን ላይ ወይም መመሪያው ላይ አለ።

ስለቱን በየስምንት ወይም አሥር ሰዓቱ ሳሉት። ለእናንተ ይህ ማለት በየሁለት ቀኑ ማታ ነው። ከተሳለ በኋላ መሐሉን ሚስማር ላይ ስቀሉት፤ ወደ አንዱ ጎን ካዘነበለ ከከበደው በኩል ጥቂት ቀንሱ። ሚዛኑን የሳተ ስለት ኩሽኔታውን የሚጨርስ እሱ ነው። የሞተር ዘይት በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ክንፎቹ መሐል የሚገባውን ሣር በየቀኑ በአየር አስነፉ፤ ሞተሩ ላይ ውኃ አትርጩ።

ፈተናውን ካላለፈስ? ያኔ ገንዘቡን ይዛችሁ የሚገፋ ነገር ግን ራሱን የሚነዳ፣ 36 ወይም 48 ኢንች የሆነ የንግድ ማሽን ፈልጉ። ከኋላው እየተራመዳችሁ ትይዙታላችሁ። ከዜሮ ተርን ይቀላል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ያንሳል። ሁኔታው ሲከፋም ለቃችሁት መራቅ ትችላላችሁ። እግር ይደክማል እንጂ ሥራውን ይሠራል። ባለ 36 ኢንቹ በጠባብ የግቢ በር ይገባል። ባለ 52 ኢንቹ ግን የጎን ክዳኑ ሲጨመር አንድ ሜትር ተኩል ያልፋልና፣ ከመሄዳችሁ በፊት የሆቴሎቹን በሮች ለኩ።

ለጉዞው ሦስታችሁም አትሂዱ፤ ትራንስፖርቱ ይበዛል። ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ከኋላ እየተራመደ ያዳምጥ። የሃይድሮስታቲኩን ሰሌዳ፣ የሞተሩን ሰሌዳና የዴኩን ሥር ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እያየሁ እነግራችኋለሁ።